በቅጥር ሥራ ላይ እያሉ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም

በቅጥር ሥራ ላይ እያሉ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ማለት አንድ ደመወዝተኛ ከቀጣሪው ሳይለቅ የራሱን ሕጋዊ ሰውነት ያለው የንግድ ድርጅት መመሥረቱ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (በአጭሩ ኃ.የተ.የግ.ማ.) በኢትዮጵያ በብዛት ከሚታወቁት የንግድ ማኅበራት ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ የሚጠየቁት ባዋጡት ካፒታል መጠን ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሕግ ያለውን ሁኔታ ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ሦስት የተለያዩ ሕጎችን ያገናኛል። የንግድ ሕጉ ማን አባል መሆን እንደሚችል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ (ወይም የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ) ሠራተኛው ለቀጣሪው ያለበትን ግዴታ፣ የግብር ሕጉ ደግሞ ደመወዝና የንግድ ትርፍ እንዴት እንደሚታዩ ይወስናሉ። በአንዱ ሕግ የተፈቀደ ነገር በሌላው ሊያስጠይቅ ስለሚችል ሦስቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የማኅበሩ ምንነት

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከመሥራቾቹ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት አለው። በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፣ ውል ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ግብር ይከፍላል። የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ይኖረዋል፤ ይህ ቁጥር ሠራተኛው ለደመወዙ ካወጣው የግል ቁጥር የተለየ ነው።

የማኅበሩ ካፒታል ከ15,000 ብር ሊያንስ አይችልም። ካፒታሉ እኩል ዋጋ ባላቸው ድርሻዎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ወይም በዓይነት ሊሆን ይችላል። በዓይነት የሚዋጣ ንብረት፣ ለምሳሌ ማሽን ወይም ተሽከርካሪ፣ ዋጋው መገመት አለበት። የአባላቱ ቁጥር ከ50 አይበልጥም። ማኅበሩ የባንክና የኢንሹራንስ ሥራ መሥራት አይችልም።

ማኅበሩን የሚመራው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከአባላቱ መካከል ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የተቀጠረም ሊሆን ይችላል። ተቀጣሪ ለሆነ መሥራች ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። አባል ማለት ባለድርሻ ማለት ነው፤ ባለድርሻነት የሥራ ሰዓት አይጠይቅም። ሥራ አስኪያጅነት ግን ጊዜና ጉልበት የሚጠይቅ፣ በሕግም የሚያስጠይቅ ኃላፊነት ነው። በመሆኑም አንድ ሠራተኛ ድርሻውን ይዞ ሥራ አስኪያጅነቱን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ከቀጣሪው ጋር የሚጋጭበት ዕድል ይቀንሳል።

ታሪካዊ አመጣጥ

ይህ የማኅበር ዓይነት በመጀመሪያ በሕግ የተደነገገው በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1925 ተቀበለችው። የኢትዮጵያ የ1952 የንግድ ሕግ ዋና አርቃቂዎች ዣን ኤስካራና እርሱ ካረፈ በኋላ ሥራውን የፈጸመው አልፍሬድ ዦፍሬ ሁለቱም ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ስለነበሩ፣ ሕጉ የፈረንሳይን አርአያ በብዛት ይከተላል።

በደርግ ዘመን የግል ንግድ በጠባብ ወሰን ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1968 በወጣ አዋጅ በኢንዱስትሪ የተሰማራ የግል ባለሀብት ካፒታል ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተገደበ። ገደቡ የላላው መንግሥት በ1982 ወደ ቅይጥ ኢኮኖሚ እንደሚያዞር ካስታወቀ በኋላ ነው።

የ1952ቱ ሕግ ማኅበሩ ቢያንስ ሁለት አባላት እንዲኖሩት ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ብቻውን መነገድ የፈለገ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ወንድሙን ወይም እናቱን በትንሽ ድርሻ አባል አድርጎ ማስመዝገቡ የተለመደ ሆነ። እንዲህ ያሉ የስም አባላት በሰላም ጊዜ ችግር ባይፈጥሩም፣ ፍቺ ወይም የውርስ ክርክር ሲነሣ ሙሉ መብት ያላቸው ባለድርሻዎች ሆነው ይገኛሉ። ስድሳ ዓመት ያህል ያገለገለውን ሕግ በአብዛኛው የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቀደ። ብቻውን መጀመር ለሚፈልግ ተቀጣሪ ይህ ከአዲሱ ሕግ ለውጦች ሁሉ ዋነኛው ነው።

ባለ አንድ አባል ማኅበር

ባለ አንድ አባል ማኅበር የሚቋቋመው በውል ሳይሆን መሥራቹ ብቻውን በሚሰጠው መግለጫ ነው፤ ውል ሁለት ወገን ይፈልጋልና። መሥራቹ እርሱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም ይኖርበታል።

የተወሰነ ኃላፊነት የሚባለው ጥቅም ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚገኝ አይደለም። ብቸኛው አባል የማኅበሩን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ካልለየ፣ ለምሳሌ የማኅበሩን ገቢ በደመወዝ ሒሳቡ ተቀብሎ የቤት ኪራይ ከከፈለበት፣ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። ተቀጣሪ ሰው ለዚህ ስሕተት ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ደመወዙ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቀድሞ ስላለው ለማኅበሩ ሌላ ሒሳብ መክፈቱን ቸል ይለዋል።

በተግባርም ኃላፊነቱ የሚሰፋበት ሌላ መንገድ አለ። ባንኮች ለአዲስ ማኅበር ሲያበድሩ የባለቤቱን የግል ዋስትና ወይም የቤቱን ካርታ በመያዣነት ይጠይቃሉ። መሥራቹ ዋስ ሆኖ ከፈረመ በሕግ የተወሰነው ኃላፊነት ለዚያ ብድር ያህል አይከላከልለትም።

በግል ድርጅት ተቀጣሪ ለሆኑ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የራሱ ድርጅት እንዳይኖረው የሚል ጠቅላላ ክልከላ አያስቀምጥም። ሠራተኛው ግን በውሉ የተመለከተውን ሥራ ራሱ የመሥራት፣ ሁልጊዜ ለሥራ ብቁ ሆኖ የመገኘት፣ የአሠሪውን መሣሪያና ንብረት በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ አለበት። ያለፈቃድ የአሠሪውን ንብረት ከሥራ ቦታ ማውጣት የተከለከለ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ የሠራተኛው ነው።

ችግር የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በአራት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የሥራ ውሉ ራሱ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች «ሠራተኛው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ሥራ አይሠራም» የሚል አንቀጽ በውሉ ወይም በሥራ ደንቡ ውስጥ ያስገባሉ። ውሉ የተፈረመው ከዓመታት በፊት ከሆነ ሠራተኛው አንቀጹ መኖሩን ላያስታውስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ውሉን፣ የሥራ ደንቡንና የኅብረት ስምምነት ካለም እርሱን ማንበብ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ መሸማቀቅ ነው። አዋጁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን፣ ወይም 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። የምዝገባና የግብር መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩት ሠራተኛውም ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ማኅበር የሚያቋቁም ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ለዚሁ ያውለዋል፤ አለዚያም በተረጋገጠ ውክልና ሌላ ሰው ያስፈጽማል። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው።

ሦስተኛው ውድድር ነው። ሠራተኛው ያቋቋመው ማኅበር ከቀጣሪው ጋር በአንድ ገበያ የሚወዳደር፣ ወይም ለቀጣሪው ዕቃ የሚያቀርብ ከሆነ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል። የግዢ ሠራተኛ የራሱ ማኅበር በሚሳተፍበት ጨረታ ላይ ዋጋ ሲያወዳድር ጉዳዩ ከሥነ ምግባር አልፎ ማታለል ወይም የአሠሪን ገንዘብ ለራስ ጥቅም ማዋል ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ነው። የደንበኞችን ዝርዝር፣ የዋጋ ስሌትንና ሌላ የንግድ ምስጢርን ወስዶ መጠቀምም በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ነው።

አራተኛው የአእምሮ ሥራ ባለቤትነት ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ያመነጨው ሥራ ባለቤት ቀጣሪው ነው። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በበኩሉ ከቅጥር ውሉ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ የአሠሪውን ሀብት፣ መረጃና መሣሪያ ሳይጠቀም የተገኘ ፈጠራ የሠራተኛው መሆኑን ይደነግጋል። ሁለቱ ድንጋጌዎች አብረው ሲታዩ ወሳኙ ጥያቄ «ሥራው በማን ሰዓት፣ በማን መሣሪያ፣ በየትኛው ግዴታ ሥር ተሠራ?» የሚለው ይሆናል።

ለምሳሌ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ማታ ማታ በራሱ ኮምፒውተር ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር ቢሠራና ማኅበር አቋቁሞ ቢሸጠው፣ ሥራው የእርሱ ነው ለማለት ጠንካራ መሠረት አለው። ያንኑ ባለሙያ ለቀጣሪው የጻፈውን የመጋዘን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጥቂት ለውጦ በማኅበሩ ስም ቢሸጥ ግን የሰው ንብረት እንደሸጠ ይቆጠራል። ሁለተኛው ጉዳይ ማኅበሩ ሥራ ከጀመረና ደንበኛ ካፈራ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ ሥራውንም ደመወዙንም በአንድ ጊዜ ሊያሳጣው ይችላል።

በሥራ መሪነት ደረጃ ያሉ፣ ማለትም የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ያላቸው ኃላፊዎች፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈኑም። የእነርሱ ግንኙነት በዋናነት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላቸው የሚመራ ሲሆን፣ የሚጠበቅባቸው ታማኝነትም ከተራ ሠራተኛ ከፍ ያለ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች

ለመንግሥት ሠራተኛ መንገዱ ጠባብ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሠራተኛው መላ ጉልበቱንና ችሎታውን ለሕዝብ አገልግሎት እንዲያውል ይጠብቅበታል። ድርሻ መያዝና የዕለት ሥራን መምራት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መሥራት ከዚህ ግዴታ ጋር በቀላሉ ይጋጫል። ሠራተኛው የሚቆጣጠረው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ወይም ግብር የሚወስንበት ዘርፍ ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ደግሞ ግልጽ የጥቅም ግጭት ነው።

ከዚህ ሌላ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብትና የገቢ ምንጭ እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። በማኅበር ውስጥ ያለ ድርሻም ሀብት ነው። ድርሻውን በትዳር ጓደኛ ስም ማድረግ ከዚህ ግዴታ አያወጣም።

የማቋቋም ሂደት

የማቋቋሙ ሂደት በአጠቃላይ የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው።

1. የስም ምርጫ፦ የማኅበሩ ስም በሌላ ያልተያዘ መሆኑ ተጣርቶ እንዲያዝ ይደረጋል። ከስሙ ቀጥሎ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ይጻፋል።
2. የመመሥረቻ ጽሑፍና የመተዳደሪያ ደንብ፦ ዓላማው፣ ካፒታሉ፣ የየአባሉ ድርሻ፣ ሥራ አስኪያጁና ሥልጣኑ ይመለከታሉ። በባለ አንድ አባል ማኅበር የመሥራቹ መግለጫ ይዘጋጃል።
3. ማረጋገጥ፦ ሰነዶቹ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቀርበው ይረጋገጣሉ።
4. አድራሻ፦ የተረጋገጠ የኪራይ ውል ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ይቀርባል።
5. የንግድ ምዝገባ፦ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ ይመዘገባል። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው በምዝገባው ነው።
6. ንግድ ፈቃድ፦ ለእያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ፈቃድ ይወጣል። እንደ ጤና፣ ትምህርትና ኮንስትራክሽን ያሉ ዘርፎች ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋሉ።

ምዝገባና ንግድ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተመዘገበ ማኅበር ፈቃድ ሳያወጣ መነገድ አይችልም።

መቀመጫቸው በውጭ አገር የሆነ ኢትዮጵያውያን ተቀጣሪዎች ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አረጋግጠው በመላክ አገር ቤት ባለ ወኪል ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 በኢንቨስትመንት ረገድ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመታየት መብት አላቸው። ሆኖም በሚኖሩበት አገር ያለው የሥራ ፈቃድና የቅጥር ውል ምን እንደሚፈቅድ ለብቻው መታየት አለበት።

ግብር

የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል። የቅጥር ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ይታያል። ሁለቱ አይደመሩም፤ አንዱ ሌላውንም አያካክስም። ማኅበሩ በዓመቱ ቢከስር ሠራተኛው ከደመወዙ የተቆረጠበትን ግብር አይመለስለትም።

ማኅበሩ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ከዚያ የተረፈው ለአባላቱ ሲከፋፈል የትርፍ ድርሻ ግብር ይቆረጥበታል። መሥራቹ ከማኅበሩ ደመወዝ የሚወስድ ከሆነ ደመወዙ እንደማንኛውም የቅጥር ገቢ ግብር ይከፈልበታል። ማኅበሩ ሠራተኛ ሲቀጥር ከደመወዙ ግብር ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ ይኖርበታል፤ ለጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ ቀንሶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ ይከፍላል። ዓመታዊ ሽያጩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከተወሰነው መጠን በላይ ከሆነ ተመዝግቦ 15 በመቶ እየሰበሰበ ያስረክባል።

ለጀማሪ ከባዱ ነገር የግብሩ መጠን ሳይሆን የሒሳብ ግዴታው ነው። ግለሰብ ነጋዴ የግብር ከፋይ ደረጃው በዓመታዊ ሽያጩ ይወሰናል። ማኅበር ግን ሽያጩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው። ይህም ማለት የሒሳብ መዝገብ መያዝ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ መስጠትና የበጀት ዓመቱ ባበቃ በአራት ወር ውስጥ የሒሳብ መግለጫ ማቅረብ አለበት ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚያበቃ ማኅበር ጊዜው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ንግድ ፈቃዱም በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያለ ቅጣት ይታደሳል።

የቆመ ማኅበር ዕዳ

በቅጥር ላይ ያሉ መሥራቾችን ከሚጎዱ ነገሮች ዋነኛው «ለጊዜው ትቼዋለሁ» የሚል አስተሳሰብ ነው። ማኅበሩ ተመዝግቦ ፈቃድ ካወጣ በኋላ መሥራቹ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲበዛበት ይተወዋል፤ ደመወዙ ስላለ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ነገር ግን ማኅበሩ በመዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ገቢ ባይኖረውም ባዶ መሆኑን ማስታወቅ አለበት። ካላሳወቀ ቅጣትና ወለድ ይከማቻል። ከዓመታት በኋላ ፈቃዱን ለመመለስ ሲሄድ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ክሊራንሱን ለማግኘት ደግሞ ያለፉት ዓመታት ሁሉ መታየት አለባቸው። ዕዳው አንዳንድ ጊዜ ከማኅበሩ ካፒታል ይበልጣል።

ስለዚህ ሥራ ያልጀመረ ወይም ያቆመ ማኅበር ፈቃዱን በጊዜው መልሶ መዝጋት፣ ወይም በየዓመቱ እያሳወቀ መቆየት ይኖርበታል።

ከግለሰብ ነጋዴነት ጋር ሲነጻጸር

ተቀጣሪ ሰው ማኅበር ሳያቋቁም በግሉ ስም ንግድ ፈቃድ አውጥቶ መሥራትም ይችላል። ግለሰብ ነጋዴ የመመሥረቻ ጽሑፍም ሆነ ዝቅተኛው የማኅበር ካፒታል አያስፈልገውም፤ ሽያጩ ዝቅተኛ ከሆነም የሒሳብ ግዴታው ይቀላል። በሌላ በኩል ለንግዱ ዕዳ የሚጠየቀው በንብረቱ ሁሉ ነው፤ ከደመወዙ ያጠራቀመው ገንዘብና ቤቱም ጭምር ማለት ነው። ድርሻውን ከፍሎ ሸሪክ ማስገባትም አይችልም። በመሆኑም ዕዳና አደጋ በሌለበት አነስተኛ የአገልግሎት ሥራ ግለሰብ ነጋዴነት፣ ዱቤ፣ ሠራተኛና ሸሪክ ባለበት ሥራ ደግሞ ማኅበር ይመረጣል።

በሌሎች አገሮች

የአንድ ሰው ማኅበር ሐሳብ በእንግሊዝ በአንድ የጫማ ነጋዴ ጉዳይ ታዋቂ ሆኗል። አሮን ሳሎሞን ሕጉ የሚጠይቀውን ሰባት አባል ለማሟላት ሚስቱንና አምስት ልጆቹን አባል አድርጎ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ሲከስር አበዳሪዎች ዕዳውን ከእርሱ ጠየቁ፤ የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ማኅበሩ ከሳሎሞን የተለየ ሰው መሆኑን ወሰነ። ዛሬ በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የኩባንያዎች ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ባለድርሻና ዳይሬክተር ሆኖ የግል ኩባንያ ሊያቋቁም ይችላል። ፈረንሳይ የአንድ ሰው ማኅበርን እ.ኤ.አ. በ1985 ፈቅዳለች። በጀርመን ዝቅተኛው ካፒታል 25,000 ዩሮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በ1 ዩሮ የሚጀመር ቀለል ያለ ዓይነት አለ።

ከቅጥር መልቀቅ

ማኅበሩ አድጎ ሙሉ ጊዜ ሲፈልግ ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ ሊከፍል ይችላል። ከለቀቀም በኋላ የቀድሞ ቀጣሪውን የንግድ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው አያበቃም። በሰላም የለቀቀ ሠራተኛ የቀድሞ ቀጣሪው የማኅበሩ የመጀመሪያ ደንበኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ተደብቆ ሲሠራ የተገኘ ግን በዚያው ዘርፍ የሚያስፈልገውን የሥራ ልምድ ማስረጃና መልካም ስም ይዞ ለመውጣት ይቸገራል።